የእማማ ሃሎ ማዞሪያ

«እንዳይዘጉ! እያገናኘሁ ነው» አሉ እማማ ሃሎ። ነጩን ስልክ በጥቁሩ ላይ ገልብጠው ደረቡት። የአንዱ ድምፅ ማውጫ ከሌላው መናገሪያ ጋር እንዲገጥም አስተካከሉና በልጅ ልጃቸው የፀጉር ላስቲክ ጠፍረው አሰሩት። የታሰሩትን ስልኮች ጠረጴዛው ላይ አጋደሟቸው፤ የሱፍ ቆብ ደፉባቸው፤ ከዚያ ሁለቱን ልጆች እየነዱ ከክፍሉ ወጡ።

«ለምን እንወጣለን?» አለ ትንሹ።

«ያገናኘ ሰው አይሰማም።»

«ለምን?»

«ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የማዞሪያ ቤት።»

«ማዞሪያ ቤቱ ፈርሶ የለም እንዴ?»

«ቤቱ ነው የፈረሰው። ደንቡ አልፈረሰም። ሂድ እጅህን ታጠብ።»

ጠያቂው ስድስት ዓመቱ ነው። ስም አለው፤ ግን ሕንጻው ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ «ለምን» ይለዋል። እህቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷን «ዳኛ» ይሏታል፤ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ካየች ፍርድ ሳትሰጥ አታልፍም። እማማ ሃሎም ስማቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው። ፀጉራቸው ጥቁር ሆኖ ገብተው ሸብተው እስኪወጡ ድረስ በከተማው የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም በር ሲንኳኳ «ማነው?» አይሉም። «ሃሎ» ነው የሚሉት።

ከቆቡ ሥር የነበሩት ሰው በከተማው ሌላ ጫፍ ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሽማግሌ ናቸው። ከዘመድ አይደሉም፤ እማማ ሃሎ መልካቸውን አይተው አያውቁም። ማካሮኒ ሲቀቅሉ ለምን እንደ ሙጫ እንደሚሆንባቸው ሊጠይቁ ፈልገው ነው። የተገናኙት ከአንድ ምግብ ቤት አብሳይ ጋር ነው። ምግብ ቤቱ በወረርሽኙ ተዘግቶ አብሳዩ ቤቱ ቁጭ ብሏል፤ የሚያማክረው ሰው በማግኘቱ ከሽማግሌው ይልቅ ደስ ያለው እሱ ነበር።

ነጩ ስልክ የመጣው በሽታው በገባ ሰሞን ነው። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ሽማግሌ ከቤት አይውጣ ሲባል፣ የከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ አያቶች አንዳንድ ስልክ አደለ። በነፃ ያስደውላል፤ ግን ወደ ቢሮውና ወደ ሌሎቹ አያቶች ብቻ። ወደ ሌላ ቦታ ከሞከሩ አንዲት የተቀዳች ሴት በትሕትና ትከለክላለች። መድኃኒት ሲያልቅ፣ ዳቦ ሲፈለግ፣ ልጅ ሲያተኩስ የሚደወለው በዚያ ነው። መድኃኒቱና ዳቦው በፌስታል ሆኖ ይመጣል፤ አምጪው በሩ እጀታ ላይ ሰቅሎ፣ አንኳኩቶ፣ ይሄዳል። የሰው ፊት አይታይም። ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ እማማ ሃሎ ደግሞ በድምፅ ብቻ መኖርን ከማንም በላይ ለምደዋል።

ብዙዎቹ አያቶች ከነጩ ሌላ ስልክ የላቸውም፤ ወይም አላቸው፣ ካርድ የለውም። እማማ ሃሎ ግን የራሳቸው ጥቁር ስልክ ነበራቸው። ገመድ ከቀዳዳ ሲያገናኝ የኖረ እጅ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አይቶ አርፎ ሊቀመጥ አልቻለም። መጀመሪያ አንዲት አሮጊትን ከልጃቸው ጋር አገናኙ። አሮጊቷ ለሌሎቹ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ክፍልፋይ የጠፋው አያት ከሒሳብ መምህር፣ ጥርሷ የሚነቃነቅ ልጅ ያለቻት አያት ከጥርስ ሐኪም፣ የናፈቀ ከናፈቀው። አልፈው ተርፈው በነጩ ስልክ በቀጥታ መደዋወል የሚችሉ አያቶች እንኳ በእማማ ሃሎ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ሲገናኙ «እያገናኘሁ ነው» መባሉን ወደውት ነበር።

እማማ ሃሎ ማዞሪያ ቤት የገቡት በድምፃቸው ነው። ለጽዳት ሥራ ሊመዘገቡ ሄደው፣ በር ላይ ለዘበኛው «ደህና አደሩ?» ሲሉ ከኋላቸው ይገቡ የነበሩት የኦፕሬተሮች ኃላፊ ቆም አሉ። «እስኪ ድገሚው» አሏቸው። ደገሙት። በማግሥቱ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው ረጅሙ ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። ኃላፊዋ ያስተማሯቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደዋይን «የለም» ብለሽ አትመልሺ። ሁለተኛ፣ ካገናኘሽ በኋላ ጆሮሽን አንሺ። እማማ ሃሎ የከተማውን ነጋዴ፣ ሐኪምና አራስ ሁሉ በድምፅ ያውቁ ነበር። ምን እንዳሉ ግን አያውቁም። ባለቤታቸው ፖስተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም የሰው ደብዳቤ ከፍተው አያውቁም። ጎረቤት ቤታቸውን «መገናኛ ሚኒስቴር» ይለው ነበር። ወሬ የማይወጣበት ብቸኛው መሥሪያ ቤት።

ባለቤታቸው ከወረርሽኙ በፊት ዐረፉ። አንድ ወንድ ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ የሞተችው «ለምን» ገና ዳዴ ሲል ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ልጆች፣ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ፍራሽ ይዞ መጣ። «ለጊዜው ነው፣ እማዬ» አለ። ያ ጊዜ አላለቀም። አሁን ደግሞ ድንበሩ ሲዘጋ ከነሽንኩርት ጭነቱ ማዶ ቀርቷል።

«እንዴት ነህ ልጄ?» ይሉታል በየቀኑ።

«እኔ ደህና ነኝ። ሽንኩርቱ ነው የበቀለው።»

የቤቱ ቀን እንዲህ ነበር። ጠዋት የራዲዮ ትምህርት አለ፤ ዳኛ ትጽፋለች፤ «ለምን» ራዲዮውን ይጠይቃል፤ ራዲዮው አይመልስም፤ «ለምን» ያኮርፋል። ከዚያ እማማ ሃሎ ማዞሪያቸውን ይከፍታሉ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ይንሸራተታሉ። ማታ አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፤ «ለምን» የእህቱን የእጅጌ ጫፍ ጨብጦ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ዳኛ ትኩሳት ይዟት ብቻዋን ትተኛ ሲባል ሹራቧን አውልቃ ሰጠችው። ሹራቡን አሸተተና መልሶ ወረወረው። «ሰው የለውም» አለ።

ከቢሮው በየጠዋቱ የምትደውልላቸው ማኅበራዊ ሠራተኛ ወጣት ናት። ድምፅዋ ፈጣን ነው። እማማ ሃሎ በመጀመሪያው ቀን «ቁርስ አልበላሽም» አሏት፤ አልበላችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ምን እንደበላች ሪፖርት የምታቀርበው እሷ ሆነች። ሰኞ ዕለት ግን ቁርሷን ሳትናገር ወደ ጉዳዩ ገባች።

«እማማ፣ አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ብቻዎን ስለሆኑ ተጠሪ ማስመዝገብ አለብዎ።»

«የምን ተጠሪ?»

«አይበለውና እርስዎ ቢታመሙ ልጆቹን በዚያው ቀን ተቀብሎ የሚያኖር ሰው። አጠገብዎ ያለ፣ ልጆቹ የሚያውቁት። እስከ ዓርብ ነው።»

«ካልተገኘስ?»

«ካልተገኘ ስማቸው ለጊዜያዊ መጠለያ ይተላለፋል። እርስዎ ከታመሙ እዚያ ይገባሉ።»

«ሁለቱም አንድ ላይ?»

የፈጠነው ድምፅ ዘገየ። «የወንዶቹና የሴቶቹ ለየብቻ ነው። ሰፈሩም ይለያያል።»

«ዳኛን ያለ ‹ለምን›፣ ‹ለምን›ን ያለ ዳኛ?»

«ለጊዜው እኮ ነው፣ እማማ።»

«ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ቤት መጥተሽ እዪ።»

እማማ ሃሎ ስልኩን ዘግተው ተጠሪ ፍለጋ ገቡ። መጀመሪያ የእህታቸውን ልጅ ጠየቁ። እሷስ እሺ ባለች፤ ባሏ ግን በሽታውን ከመፍራቱ የተነሣ ዳቦ በሳሙና ማጠብ ጀምሯል። ልጅ ቤቱ ከገባ እሱ ይወጣል። ቀጥለው ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጠየቁ።

«ሴቷን እወስዳለሁ» አለች። «ታግዘኛለች። ወንዱ ግን ይቅርብኝ፤ አንድ ቀን ሲጠይቀኝ ቆይቶ የሸጥኩትን መድኃኒት ስም አስረስቶኛል።»

«ጥንድ ጫማ ናቸው፣ እህቴ። አንድ እግር አልሸጥም» አሉና ዘጉ።

የዳኛ አስተማሪ አራት ልጆች በሁለት ክፍል ይዛለች፤ ሳይጠይቋትም መልሷ ታወቃቸው። ከሕንጻው ነዋሪ ግማሹ ወደ ዘመድ ሄዷል፤ የቀረው ታሟል ወይም ታማሚ ያስታምማል። አንድ ሰው ብቻ ቀሩ። አንደኛ ፎቅ፣ ከእግራቸው ሥር። የእኚያን ሰው ስም ግን እማማ ሃሎ ወደ አፋቸው አላመጡትም።

ጋሼ ፍሬን ይባላሉ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ልጆች ደረጃውን በሩጫ ሲወርዱ «ፍሬን! ፍሬን!» እያሉ ስለሚጮኹባቸው ነው ስሙ የወጣላቸው። ሴት ልጃቸው ነርስ ናት፤ ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ የምታድረው ለይቶ ማቆያው ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ልጇን ለአባቷ ትታለች። ሕፃኗ «ቡጢ» ትባላለች፤ የተሰጣት ነገር ሁሉ እጇ ውስጥ ተጨብጦ ይጠፋል። ቢሮው ለጋሼ ፍሬን ነጭ ስልክ ሊሰጣቸው መጥቶ ነበር። «እኔ አያት ነኝ እንጂ ችግረኛ አይደለሁም» ብለው መለሱት።

ጸቡ የተጀመረው ሁለቱም ሥራ ላይ ሳሉ ነው። እማማ ሃሎ የጠዋት ተረኛ ነበሩ። ዝናብ ይዘንባል፤ ታኮ ጫማ አድርገዋል፤ ወደ ማቆሚያው እየሮጡ ሳለ የአውቶቡሱ በር ተዘጋ። በሩን በመዳፋቸው ደበደቡት። ሾፌሩ በጎን መስታወቱ አዩዋቸው። በዚህ ላይ እማማ ሃሎ ቅንጣት ጥርጥር የላቸውም፤ ዓይን ለዓይን ተጋጭተዋል። አውቶቡሱ ሄደ። እማማ ሃሎ አረፈዱ፤ በሥራ ዘመናቸው የደረሳቸው ብቸኛ ማስጠንቀቂያ የዚያን ቀኑ ነው። ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ጡረተኛ ዕቃቸውን አስጭነው አንደኛ ፎቅ ሲገቡ እማማ ሃሎ ከደረጃው ላይ ሆነው አዩና ወደ ቤት ተመለሱ።

«ያ ሰውዬ ነው» አሉ ለባለቤታቸው።

«የትኛው ሰውዬ?»

«የአውቶቡሱ!»

ባለቤታቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እማማ ሃሎ አልሳቁም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ግንኙነት የአንገት ሰላምታ ብቻ ነው፤ እሱም በአንዱ በኩል በጣም አጭር።

ሐሙስ ጠዋት ነጩ ስልክ ጮኸ።

«እማማ፣ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው» አለች ማኅበራዊ ሠራተኛዋ። «ተጠሪ አገኙ?»

እማማ ሃሎ አፋቸውን ከፈቱ። «የለም» የሚለው ቃል ግን አልወጣም። ስልክ ይዘው ብለውት አያውቁም። ማዞሪያ ቤት ውስጥ «መስመሩ ተይዟል» አለ፤ «ቆይተው ይሞክሩ» አለ፤ «ይጠብቁ» አለ። «የለም» አልነበረም።

«ጠብቂኝ እስኪ» አሉ።

«አግኝተዋል ማለት ነው? እሰይ! በሉ አገናኙኝ። ፈቃዱን ከራሱ አፍ መስማት አለብኝ፤ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ ነገሩ እንኳ…»

ያኔ ጥቁሩ ስልክ ጮኸ። እማማ ሃሎ የሚጮኽ ስልክ ጥለው ማውራት አይችሉም። በሌላው እጃቸው አነሡት።

«ሃሎ።»

«ሃሎ… ይሄ… ከታች ነው።»

«ከየት ታች?»

«ከአንደኛ ፎቅ። እትዬ፣ አሁን ለነገር ጊዜ የለኝም። ልጅቷ የሸሚዜን ቁልፍ በጥሳ አፍንጫዋ ውስጥ ከታለች። የጤናው ስልክ አይነሣም። የእናቷም ዝግ ነው፤ ሥራ ክፍል ይዘው አይገቡም። እርስዎ ያገናኛሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ትተነፍሳለች?»

«በአፏ ትተነፍሳለች። በዚያው አፏ ትጮኻለች።»

እጃቸው ከሐሳባቸው ቀደመ። አንድ የሚያውቅ ሰው መስመር ላይ አለ፤ አንድ የተቸገረ ሰው መስመር ላይ አለ። «እንዳይዘጉ፣ እያገናኘሁ ነው» አሉ በሁለቱም ስልኮች። ላስቲኩን ጠመጠሙ። ቆቡን ደፉ። ልጆቹን ነድተው ወጡ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ስትጠብቅ የነበረው ተጠሪውን መሆኑን በዚያች ደቂቃ ጭራሽ ዘንግተውት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ «ለምን» በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጠፈ።

«እያለቀሰች ነው» አለ። «አሁንም እያለቀሰች ነው። ዝም አለች።»

እማማ ሃሎ ወደ ደረጃው አንድ እርምጃ ሄዱ።

«ጋሼ ፍሬን ሳቁ» አለ «ለምን»።

«ተነሥ ከዚያ! ያገናኘ አይሰማም አላልኩም?»

«ስልኩን አልሰማሁም፤ ወለሉን ነው።»

«ወለል ደንቡ ውስጥ የለም» አለች ዳኛ።

ሲመለሱ ሁለቱም መስመሮች ተዘግተው ነበር። ያኔ ነው ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ መልስ ሳይሰጡ መቅረታቸው ትዝ ያላቸው። ደወሉ፤ ተይዟል። እንደገና ደወሉ፤ ተይዟል። ድንች ሊቀቅሉ ተነሡ። ውኃው ሳይፈላ በሩ ተንኳኳ።

«ሃሎ» አሉ።

ሲከፍቱ ጋሼ ፍሬን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ራቅ ብለው ቆመዋል። ማስካቸው እስከ ዓይናቸው ተስቧል። ሸሚዛቸው ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ቡጢ ሱሪያቸውን ጨብጣለች።

«ወጣ?» አሉ እማማ ሃሎ።

«ወጣ። ሴትዮዋ ሌላውን ቀዳዳ ዝጋና በአፏ እፍ በልባት አለችኝ። አንዴ እፍ ብል ቁልፉ ጉንጬን መታኝ።»

«ተመስገን።»

«ተመስገን።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆቹ ምን ይበላሉ?»

«የትኞቹ ልጆች?»

«የእርስዎዎቹ ናቸዋ።»

«እርስዎን ምን አገባዎት?»

«እንዴት አያገባኝም? እርስዎ ሲታመሙ እኔ ጋ አይደለም እንዴ የሚመጡት?»

«ማን አለ?»

«ሴትዮዋ! የእርስዎ ተጠሪ እኔ እንደሆንኩ ነገረችኝ። ትቀበላለህ ወይ አለችኝ። እቀበላለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ፣ መዝግቤያለሁ አለችና ዘጋች።»

እማማ ሃሎ በሩን ይዘው ቆሙ። ያገናኙትን አሁን ገና ሰሙ።

«እኔ? እርስዎን ተጠሪ? ሞቼ ነው?»

«ሲሞቱ አይደለም፣ ሲታመሙ ነው አለችኝ።»

«ታዲያ አንተ ምን ቆርጦህ እሺ አልክ?»

«ምን ልበል? ልጅቷ ገና ትንፋሿ መመለሱ ነው። በዚያች ሰዓት ዝሆን ተረከብ ብትለኝም እሺ ነበር የምላት። ደግሞ አንቺ ነሽ ያስጠየቅሽኝ መስሎኝ!»

«እርስዎ» መሬት ላይ ወድቆ ማንም አላነሣውም። ዳኛ ከእማማ ሃሎ ጀርባ ብቅ ብላ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ታያለች።

«ለአንተ ነው ልጅ የምሰጠው?» አሉ እማማ ሃሎ። «ሰው እየሮጠ በር ዘግተህ ለምትሄድ?»

ጋሼ ፍሬን ግራ ገባቸው። «የምን በር?»

ነገሯቸው። ዝናቡን፣ ታኮውን፣ መዳፋቸውን፣ መስታወቱን። ለዓመታት ተጠራቅሞ የቆየ ስለነበር ሳይቆራረጥ ወጣ። ጋሼ ፍሬን አዳምጠው ጨረሱ።

«አላስታውስም» አሉ።

«በመስታወት አይተኸኛል!»

«አይቼሽ ይሆናል። ግን አንቺን ብቻ መሰለሽ ጥዬ የሄድኩት? ግማሹን ከተማ ነው። ያሳፈርኳቸው ሁሉ ረስተውኛል። መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ የቀሩት ናቸው።»

እማማ ሃሎ ሊስቁ ነበር፤ ከንፈራቸውን ነከሱ። በዚህ መሐል «ለምን» በእግራቸው ሥር ሾልኮ ወጥቶ የደረጃው አናት ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ለምን አልቆምክላትም?»

«በሩ ተዘግቶ ነበር።»

«ለምን አልከፈትከውም?»

«አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።»

«ለምን?»

«ለአንዷ ስከፍት ሌላው ይደርሳል። ለሱ ስከፍት ሦስተኛው። መኪናው ከዚያች ማቆሚያ አይነቃነቅም።»

«ለምን አይነቃነቅም?»

«ሁልጊዜ ኋላ የሚሮጥ ሰው ስላለ።»

«ለምን ሁልጊዜ አለ?»

ጋሼ ፍሬን አልቸኮሉም። ቡጢን ጭናቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «እንቅልፍ ስለሚጥም» አሉ።

«ለምን ይጥማል?»

«አልጋ ስለሚሞቅ።»

«አልጋ ለምን ይሞቃል?»

«አንተ ስላለህበት ነዋ። ስትነሣ ይቀዘቅዛል። ካላመንከኝ ሂድና ነክተህ እየው።»

«ለምን» ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሊነካ።

እማማ ሃሎ የልጁን ባዶ ቦታ አዩ። የራዲዮው መምህር ለልጁ አይመልስለትም። የክፍሉ አስተማሪ ከሦስተኛው «ለምን» አልፋ አታውቅም። የገዛ አባቱ እንኳ ሁለተኛው ሲመጣ ኔትወርክ ይቆራረጥበታል። ልጁ ጥያቄው አልቆ ሲሄድ ያዩት ዛሬ ገና ነው።

«ፍርድ ልስጥ?» አለች ዳኛ።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሁለቱም።

«እማማ ጥፋተኛ ናት፤ ሳታስብ አገናኘች። ጋሼ ጥፋተኛ ናቸው፤ ሳይጣራ እሺ አሉ። ሴትዮዋም ጥፋተኛ ናት። ቡጢ በነፃ ተለቃለች።»

«ቁልፉን የሰረቀችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉ ጋሼ ፍሬን።

«ለአካለ መጠን አልደረሰችም።»

ቡጢ እጇን አጨበጨበች። ዳኛ ግን አልሳቀችም። አንድ ደረጃ ወረደች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ጋሼ፣ እኛ ከመጣን እኔና ወንድሜ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው?»

«ልጄ፣ ያለኝ አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው» አሉ ጋሼ ፍሬን። «ልለያችሁ ብፈልግስ የት ላደርሳችሁ?»

ዳኛ ወደ አያቷ ዞረች። የፍርድ ፊት አልነበረም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

ከወጥ ቤት የድንቹ ድስት ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ድንች ይበላሉ» አሉ በመጨረሻ። «ሩዝም። ትንሹ ሽንኩርት እየለቀመ ያወጣል፤ ያላየህ ምሰል።»

«የኔዋም ታወጣለች። እኔ ነኝ የምበላላት።»

«ሆድህም ይመሰክራል፤ ወፍረሃል።»

«አንቺ ደግሞ ትንሽ ብትወፍሪ ኖሮ ያን ጊዜ በመስታወቱ በደንብ አይሽ ነበር።»

በዚህ ጊዜ ከንፈር መንከሱ አልሠራም። እማማ ሃሎ የበሩን መቃን ደግፈው ሳቁ። ከውስጥ የ«ለምን» ድምፅ መጣ። «ቀዝቅዟል! እውነት ነው፣ ቀዝቅዟል!»

ዓርብ ጠዋት ነጩ ስልክ ከመጮኹ በፊት እማማ ሃሎ ራሳቸው ደወሉ።

«ቁርስ በላሽ?»

«ዳቦ በሻይ፣ እማማ። ምነው? የተጠሪው ነገር ስሕተት አለበት እንዴ?»

«አለበት።»

«እማማ፣ ዛሬ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው…»

«ግማሹ ነው የተሠራው። ሰውየው ለኔ ልጆች እሺ ብሏል። ለሱ ልጅ ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ደንቡ ከራሱ አፍ መስማት አይደለም የሚለው? ጠይቂኝ።»

«የአንደኛ ፎቋን ልጅ ይቀበላሉ?»

«እቀበላለሁ። ቁልፍ የሌለው ልብስ አልብሰው ይስጡኝ። አሁን መዝግቢ።»

መዘገበች።

በሚቀጥለው ወር እማማ ሃሎ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ልጆቹ ፍራሻቸውን ይዘው በዚያው ቀን አንድ ፎቅ ወረዱ፤ አያታቸው ድነው እስኪመለሱ ድረስም ሁለቱም እዚያው ቆዩ።